ቱባው

አማርኛችን «ቱባ» የሚለውን ቃል ለትልቅ ነገር አስቀምጦታል። ቱባ ባለሥልጣን እንላለን፤ ቱባ ነጋዴ እንላለን፤ ያልተበረዘ ያልተከለሰ ባህል ሲገጥመን ቱባ ባህል እንለዋለን። ልብስ ሰፊውም ተጠቅልሎ የሚሸጠውን ክር በቱባ ይገዛል። የሙዚቃ መሣሪያው ስም ግን ከእኛ ቃል ጋር ዝምድና የለውም፤ ከላቲን የመጣ ነው። የጥንት ሮማውያን ቱባ የሚሉት ቀጥ ያለውን ረዥም የጦር መለከት ነበር። ዛሬ በማርሽ ባንድ መጨረሻ ረድፍ ላይ የምናየው፣ ሰው እንደ ሕፃን የሚያቅፈው፣ ተጠማዝዞ ተጠማዝዞ ጫፉ ላይ እንደ ትልቅ አበባ የሚፈነዳው የናስ መሣሪያ ስሙን የወረሰው ከዚያ ነው።

የስሙ መገጣጠም ታዲያ ሰውን ያሳስታል። ቱባ ባለሥልጣን ከፊት ይቀመጣል፤ ቱባ ነፊ ከኋላ ይቆማል። ሳክስፎን ሲነሣ ጌታቸው መኩሪያን የማያስታውስ የለም። ትራምፔት ነፊውም ቢሆን ብድግ ብሎ ሶሎውን ሲለቀው ይጨበጨብለታል። «ባሱን ማን ነበር የሚነፋው?» ብሎ የጠየቀ ሰው ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። እኔ እንግዲህ ከ1970 ዓ.ም. ጀምሮ ሠራዊቱ በ1983 ዓ.ም. እስኪበተን ድረስ በአንድ የወታደር ባንድ ውስጥ ባስ ስነፋ የኖርኩ ሰው ነኝ። ዐሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ከኋላ ሆኜ ያየሁት የጓደኞቼን ማጅራት ነው። ይህን የምለው ቅሬታ ኖሮኝ አይደለም። ቱባን ለመመዘን የሚነሣ ሰው አስቀድሞ ይህንን ማወቅ ስላለበት ነው። መሣሪያው ትልቅ የሆነው ለዓይን ነው፤ ሥራው ግን ሌላውን ማቆም ነው።

ለአገራችን ጆሮ ይህ ዓይነቱ ሥራ እንግዳ አይደለም። እምቢልታን አስቡት። እምቢልታ የጣት ቀዳዳ የሌለው ረዥም የትንፋሽ መሣሪያ ነው። ሦስት ሰዎች ጎን ለጎን ሆነው ይነፉታል፤ እያንዳንዱ እምቢልታ የሚያወጣው አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ብቻ ነው። ዜማው የሚፈጠረው ሦስቱ ተራቸውን ጠብቀው ድምፅ ሲቀባበሉ ነው። አንደኛው ከቀረ ዜማው ጥርሱ እንደ ወለቀ አፍ ይሆናል። ከነጋሪት ጋር በነገሥታትና በመሳፍንት ፊት ሲነፋ የኖረው ይህ መሣሪያ ዋናውን ነገር ቀድሞ አስተምሮን ነበር፤ ትንሽ ድምፅ በጊዜዋ ከመጣች ከብዙ ድምፅ ትበልጣለች። ባስ ነፊም የሚጠበቅበት ከዚህ የተለየ አይደለም።

ቱባ ራሱ ከመነሻው የወታደር ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1835 በርሊን ከተማ፣ የፕሩሲያ ወታደራዊ ሙዚቃ ኃላፊ የነበረው ቪልሄልም ቪፕሬክትና መሣሪያ ሠሪው ዮሐን ጎትፍሪድ ሞሪትዝ የፈጠራ መብት ያወጡበት ሜዳ ላይ የሚሰማ ጠንካራ ባስ ስላጣ ሠራዊት ብለው ነው። ወደኛም የመጣው በዚያው በወታደሩ መንገድ ነው። ከዐድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ንጉሥ ዳግማዊ ኒኮላስ ለዐፄ ምኒልክ የናስ የሙዚቃ መሣሪያዎች ላኩ። በ1916 ዓ.ም. ደግሞ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ ያገኟቸው 40 ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች አዲስ አበባ ገቡ፤ «አርባ ልጆች» የሚባሉት እነሱ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን መዝሙር ዜማ የደረሰው ሰው ነው። ከዚያ ወዲያ የክብር ዘበኛው፣ የጦር ሠራዊቱና የፖሊሱ ባንዶች እየተከተሉ መጡ። ዛሬ ወርቃማው ዘመን እየተባለ በውጭ አገር ሳይቀር የሚደመጠው ዘፈናችን ትንፋሹን ያገኘው ከእነዚህ ሰፈሮች ነው።

ይህን ሁሉ ያስነሣኝ ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር የደረሰኝ ጥሪ ነው። አንድ የወጣቶች ማርሽ ባንድ አለ፤ ስሙ ይቆየን። ሃያ ሁለት ልጆች ናቸው። በበዓል ቀን አደባባይ ይወጣሉ፤ የትምህርት ቤት ምረቃ ያደምቃሉ፤ ከተገኘም ሠርግ ያጅባሉ። ያላቸው አንድ ባስ ብቻ ነው፤ ሦስት ፒስተን ያላት፣ ጎኗ የተጨረማመተ ትንሽ ቱባ። የምትነፋት የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። መሣሪያዋን ይዛ ሚኒባስ ስትሳፈር ረዳቱ የሁለት ሰው ሒሳብ ያስከፍላታል።

አንድ ያገለገሉ መሣሪያዎች ነጋዴ ትልቅ ቱባ ከውጭ አስገብቶ ኖሮ ለኮሚቴው አሳያቸው። ዋጋው ባንዱ በሁለት ዓመት ያጠራቀመው ገንዘብ በሙሉ፣ በዚያ ላይ ትንሿ ቱባ ምራቂ። ኮሚቴው ዓይኑ አረፈበት። ነገር ግን ከመካከላቸው ባስ የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ «ሃምሳ አለቃ ይንፉትና ይፍረዱ» ተባለና ተጠራሁ።

ስደርስ መሣሪያው ወንበር ላይ ተቀምጦ ጠበቀኝ። ጀርመኖች የዚህን ዓይነቱን ግዙፍ «ካይዘር» ይሉታል፤ ንጉሠ ነገሥት ማለት ነው። እውነትም ዙፋን ላይ ያለ ይመስላል። በፒስተን ፋንታ የሚሽከረከሩ አራት ቫልቮች አሉት። በሚዛን ሲወጣ 12 ኪሎ ግራም ሆነ። የድምፁ መውጫ ውስጥ የሁለት ዓመት ሕፃን ቢቀመጥበት ይበቃዋል። ሰብሳቢው እንደ ሙሽራ አባት እጃቸውን አጣጥፈው በኩራት ያዩታል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር ላስረዳ። ትልቁ ቱባና ትንሿ ቱባ ሁለቱም በቢ ፍላት የተቃኙ ናቸው፤ ስለዚህ የቱቧቸው ርዝመት እኩል ነው። ጥምዝምዙ ቢፈታ እያንዳንዳቸው አምስት ሜትር ተኩል ያህል ይሆናሉ፤ ከሚኒባስ ታክሲ ይረዝማሉ። ትልቁ ከትንሿ የበለጠ ዝቅ ያለ ድምፅ የለውም። ልዩነቱ ውፍረታቸው ላይ ነው። ገንቦና እንስራ ሁለቱም ውሃ ይይዛሉ፤ የሚሸከማቸው ወገብና የሚሞላቸው ውሃ ግን አንድ አይደለም። ሠሪዎቹ መጠኑን አራት አራተኛ፣ አምስት አራተኛ፣ ስድስት አራተኛ እያሉ ይጠሩታል፤ ሆኖም የተስማሙበት ሜትር የለም። የአንዱ ፋብሪካ አራት አራተኛ የሌላው አምስት አራተኛ ሊሆን ይችላል። በቁጥሩ ታምኖ ገንዘብ የሚከፍል ሰው የጫማ ቁጥር አይቶ ሳይለካ እንደሚገዛ ሰው ነው።

ያገለገለ መሣሪያ ሲገዛ ከመንፋት በፊት መመርመር ደንብ ነው። ዕንቡጥ የሚያህል ጉድጓድ ብዙ አይጎዳም፤ ቀጭኑ ቱቦ ላይ ያለ ጉድጓድ ግን ድምፅ ያውካል። የብየዳውን መገጣጠሚያ በጣቴ ዳሰስኩ። ቀጥሎ የእያንዳንዱን ቫልቭ ተንሸራታች ቱቦ ቫልቩን ሳልነካ ትንሽ ሳብኩና ቫልቩን ተጫንኩ። ጤነኛ ቫልቭ እንደ ጠርሙስ ቡሽ «ፖ!» ይላል፤ አየር የሚያመልጠው ቫልቭ ዝም ይላል። አራቱም አሉ። ነጋዴው ይህን ባየ ጊዜ ፈገግታው ሰፋ።

አራተኛው ቫልቭ ጌጥ አይደለም። አንደኛው ቫልቭ ድምፁን በአንድ ሙሉ ቶን፣ ሁለተኛው በግማሽ፣ ሦስተኛው በአንድ ተኩል ዝቅ ያደርጋሉ። እያንዳንዱ የሚጨምረው ቱቦ የተለካው ብቻውን ሆኖ ሲሠራ ነው። ሁለት ሦስቱን አንድ ላይ ስትጫን ግን የረዘመው ቱባ የሚፈልገው ጭማሪም ይረዝማል፤ ለሦስት ቤተሰብ የተሰላ አስቤዛ ለአምስት አይበቃም እንደሚባለው ነው። አምስት ሜትር ተኩል በሚረዝም ቱባ ላይ አንደኛውና ሦስተኛው ቫልቭ ሲገናኙ የሚጎድለው 13 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሦስቱም ሲገናኙ ደግሞ አንድ ስንዝር ያህል ይጎድላል። ቱቦ ሲያጥር ድምፁ ይሾላል። በትንሿ ቱባ ያቺ ልጅ እነዚህን ኖታዎች በከንፈሯ ወደ ታች እየሳበች ነበር የምታስተካክላቸው። አራተኛው ቫልቭ አንደኛውንና ሦስተኛውን ተክቶ ይህንን ዕዳ ይከፍላል።

ከዚያ አቀፍኩትና ነፋሁት።

አንባቢዬ፣ ደርቤ አላወራም። መጀመሪያ የወጣችው ረዥም ቢ ፍላት ወንበሩን፣ ከወንበሩ ወለሉን፣ ከወለሉ እግሬን ይዛ መጣች። ለብዙ ዓመት የቆየ ዘመድ በር ከፍቶ ሲገባ ያለ ዓይነት ስሜት ነው። በወታደርነቴ ዘመን የተሰጠኝ ባስ ያረጀና ጠባብ ነበር፤ እንደዚህ ያለውን በሥዕል ነው የማውቀው። ወደ ላይ ወጣሁ፣ ወደ ታች ወረድኩ። አምስተኛዋ የተፈጥሮ ድምፅ፣ ሬ የምንላት፣ በሁሉም ቱባ ላይ ትንሽ ዝቅ ትላለች፤ በዚህኛውም ዝቅ አለች፣ ግን በቀላሉ ትታረማለች። የታችኞቹ ኖታዎች ሰፊና ለስላሳ ናቸው። ለግማሽ ሰዓት ያህል ኮሚቴውንም ነጋዴውንም ረስቼ ነፋሁ። ሳቆም ሰብሳቢው «እንግዲህ አለቀ አይደል?» አሉኝ። «አልተጀመረም» አልኳቸው።

ምክንያቱ ይህ ነው። ቱባን ብቻውን ነፍቶ የሚፈርድ ሰው የሚፈርደው ስለ ራሱ ደስታ ነው። ያች ዝቅተኛ ቢ ፍላት በአንድ ሴኮንድ 58 ጊዜ ገደማ ትርገበገባለች፤ አንዱ ሞገዷ ስድስት ሜትር ያህል ይረዝማል። ነፊው እዚያው ሞገዱ ውስጥ ተቀምጧል። ለራሱ ወፍራምና ሞቃት የመሰለው ድምፅ አዳራሹ ጫፍ ሲደርስ ብዥ ያለ ጉርምርምታ ሊሆን ይችላል፤ ለራሱ ደረቅ የመሰለው ደግሞ ከሩቅ ጥርት ብሎ ይሰማል። ስለዚህ ልጅቷን ጠራኋትና «አንቺ ንፊው፣ እኔ ልስማ» ብዬ አዳራሹ ጥግ ሄጄ ቆምኩ። አንድ ለስለስ ያለ ዜማ ከክላሪኔቶቹ ጋር እንዲሞክሩ አደረግሁ።

እውነቱን መናገር አለብኝ፤ ያማረ ነበር። ዘወትር የሚሻኮቱት ክላሪኔቶች ከሥራቸው ምንጣፍ የተነጠፈላቸው ያህል ሰከኑ። ባስ ልክ ሲሆን ሌላው ልኩን መፈለግ ያቆማል፤ ያገኘዋል። ሰብሳቢው በድል አድራጊነት አዩኝ። አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ ለሚነፋ ባንድ፣ ሁለት ባስ ነፊ ላለው ባንድ፣ ያን መሣሪያ «ውሰዱት» ለማለት አንድ ደቂቃ አልቆይም ነበር።

ይህ ባንድ ግን የሚኖረው መንገድ ላይ ነው። «በሉ፣ ወደ ውጭ» አልኩ።

ጠዋት ነበር፤ ጥላው ገና አልተነሣም። የናስ መሣሪያ ብርድ አይወድም። ውስጡ ያለው አየር በአንድ ዲግሪ በቀዘቀዘ ቁጥር ድምፁ ከግማሽ ቶን መቶ እጅ ሦስት ያህል ይወርዳል። ዐሥር ዲግሪ ልዩነት ካለ የግማሽ ቶን ሢሶ ወረደ ማለት ነው፤ ይህን ማንም ጆሮ ይሰማዋል። ትራምፔቶቹ በአምስት ደቂቃ ሞቁ። ካይዘሩ ያንን ሁሉ ናስ በአንዲት ልጅ ትንፋሽ እስኪያሞቅ ድረስ ባንዱ ሁለት ማርሽ ጨርሶ ነበር።

ከብርዱ ይልቅ የከበደው ትንፋሹ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሯ ከባሕር ዳር አየር ጋር ሲነጻጸር ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው የሚመዝነው። ስስ አየር በከንፈር መካከል ፈጥኖ ያልፋል፤ ለሳንባም ፈጥኖ አይበቃም። በማርሽ ውስጥ ባሱ የሚመታው ግራ እግር ሲያርፍና ቀኝ እግር ሲያርፍ ነው። መልሱን ከእግሩ መካከል ሆርኖቹ ይሰጡታል። ልጅቷ በትንሿ ቱባ አራት መስመር በአንድ ትንፋሽ ትሄዳለች። በትልቁ ሁለት መስመር ሄዳ አየር ትስባለች። አንድ ባስ ብቻ ባለው ባንድ አየር በሳበች ቁጥር ወለሉ ይከፈታል። ሁለተኛ ባስ ቢኖር ተራ በተራ ይተነፍሱ ነበር፤ ሁለተኛ ግን የለም።

ሌላው ነገር ሰፊ ቱባ ዘግይቶ መናገሩ ነው። በረዥም ድምፅ ላይ ይህ አይታወቅም፤ በአጭር ምት ላይ ግን ይታወቃል። እግር ካረፈ በኋላ የሚመጣ ባስ እርምጃውን ወደ ኋላ ይጎትታል። ሁለተኛውን ዙር ሲዞሩ ከበሮ መቺው እየፈጠነ፣ ባሱ እየዘገየ፣ የተቀሩት ልጆች በሁለቱ መካከል የቱን እንደሚከተሉ ግራ ገባቸው።

የውጭዎቹም ቢሆኑ ይህንን ችግር ያውቁታል። አሜሪካዊው የማርሽ ንጉሥ ጆን ፊሊፕ ሱዛ የትከሻ ባስ ተቀይሮ እንዲሠራለት ጠይቆ ነው እ.ኤ.አ. በ1893 ጄ. ደብልዩ. ፔፐር የተባለው ሠሪ ሱዛፎን የሚባለውን መጀመሪያ ያወጣው። ሱዛፎን ክብደቱ ትከሻ ላይ ያርፋል፤ የነፊው እጅና ደረት ነፃ ይሆናሉ። እየሄዱ መንፋትና ተቀምጦ መንፋት ሁለት ሙያ መሆናቸው ከመቶ ዓመት በፊት ተፈርዶ ያለቀ ነገር ነው።

አመሻሽ ላይ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ከአባላቱ አንዱ፣ የተማሩና ብዙ የሚያነቡ ሰው፣ ስለ አርኖልድ ጄከብስ አነሡ። ጄከብስ እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 1988 በቺካጎ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ቱባ የነፋ፣ በዓለም የታወቀ መምህር ነው። ይነፋው የነበረው ዮርክ የተባለው ኩባንያ በሚሺጋን የሠራው ግዙፍ ቱባ ነው፤ እስከ ዛሬ ፋብሪካዎች እሱን ይቀዳሉ። «የዚህ ሰው የሳንባ አቅም ውሱን እንደነበረ አንብቤአለሁ» አሉ። «እሱ ከነፋው የኛ ልጅ ምን ያቅታታል?»

ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ ነው፤ በቀልድ የሚታለፍ አይደለም። ጄከብስ ለተማሪዎቹ ያስተማረው ትልቁ ነገር ቱባ የሚነፋው በጉልበት ሳይሆን በሚፈስ አየር መሆኑን ነው። ሰፊ መሣሪያ ግፊት አይፈልግም፤ ሳይጨናነቅ የሚወጣ ብዙ አየር ይፈልጋል። ሳንባው ያነሰ ሰውም የት እንደሚተነፍስ ካወቀ ይችለዋል። ነገር ግን ጄከብስ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር የሚነፋው። ከፊቱም ከጎኑም ኦርኬስትራ አለ፤ ብዙ መስመር ዝም ብሎ ቆጥሮ አንድ መስመር ይነፋል። ማርሽ ላይ ዝም የሚባልበት መስመር የለም። የኛይቱ ልጅ 12 ኪሎ ታቅፋ፣ ዳገት እየወጣች፣ በ2,350 ሜትር ላይ ለአንድ ሰዓት ያለ ተተኪ ትነፋለች። የሰው ችሎታ አንድ ቢሆን እንኳ ሥራው አንድ አይደለም አልኳቸው።

ሰብሳቢው አልተዋጠላቸውም። «ሃምሳ አለቃ፣ እውነትዎን ነው፤ ግን ሰው የሚያየው እኮ ትልቁን ነው። ይህን ይዘን አደባባይ ብንወጣ የሚረዳን ድርጅት እንኳ አናጣም» አሉ። ነገሩ ውሸት አይደለም። እኛ አገር ባንድ የሚጋበዘው በጆሮ ብቻ አይደለም፤ በዓይንም ነው። ለድሀ ባንድ ይህን መናቅ አይገባም። ሆኖም ከጥሪው በኋላ መንፋት አለ፤ ሁለተኛው ጥሪ የሚመጣው ከነፋኸው ነው።

በዚህ መካከል የሚነፋውን ሰው የጠየቀ አልነበረም። ልጅቷ በር አጠገብ ቆማለች። «ልጄ፣ አንቺ ምን ትያለሽ?» አልኳት።

ቶሎ አልመለሰችም። ሰብሳቢውን አየች፤ መሣሪያውን አየች። «ጋሼ፣ ትልቁ ሲነፋ በጣም ደስ ይላል» አለች። «ግን እሱን ስነፋ የራሴን እንጂ የሌሎቹን አልሰማም። በትንሿ ሁሉንም እሰማቸዋለሁ።»

ቤቱ ጸጥ አለ። እኔ በግማሽ ቀን ምርመራ ያልጨረስኩትን እሷ በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨረሰችው። የባስ ነፊ ዋና መሣሪያው ጆሮው ነው። ትራምፔቱ ሲሾል ትንሽ ከፍ ብሎ ይቀበለዋል፤ ክላሪኔቱ ሲደክም ቀለል አድርጎ ያሳልፈዋል፤ ከበሮው ሲሮጥ ረግጦ ይይዘዋል። ሌሎቹን የማይሰማ ባስ ምንም ያህል ቢያምር ለብቻው የሚያወራ ሰው ነው። መሣሪያ ለነፊው ትልቅ ሆነ የሚባለው ክብደቱ ሲያቅተው ብቻ አይደለም፤ ከባልንጀሮቹ ሲጋርደውም ነው።

ፍርዴን ሰጠሁ። መሣሪያው ጤነኛና ያማረ ነው፤ ለዚህ ባንድ፣ ለዚህ ሥራ፣ ዛሬ ባላቸው አንድ ነፊ ግን አይሆንም። ገንዘቡ በትንሿ ላይ ይዋል፤ ጉድጓዷ ይደቃ፣ ፒስተኖቿ ይታደሱ፣ ጥሩ ማውዝፒስና ትከሻ ላይ የሚውል ሰፊ ጠፍር ይገዛላት። ከተረፈ ደግሞ ሁለተኛ ትንሽ ባስ ይፈለግና አንድ ሌላ ልጅ ይሠልጥን። ሁለት ትንንሽ ባሶች በየተራ እየተነፈሱ አንድ ካይዘር የማይሸፍነውን መንገድ ይሸፍናሉ።

ይህን ስናገር አንጀቴ ቆርጦ አልነበረም። በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ያቀፍኩትን መሣሪያ «መልሱት» ማለቴ ነው። እነሱ ቢገዙት ኖሮ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ ልነፋው እችል ነበር፤ ሰብሳቢውም ይህንኑ ጠቆም አድርገውኛል። ነጋዴው መሣሪያውን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ሲጭን ረዳሁት። ክብደቱ ክንዴ ላይ ሁለት ቀን ቆየ። ሽማግሌ ለፍርድ ሲቀመጥ ከዘመዱ ይልቅ ራሱን ነው መፍራት ያለበት የሚባለው እውነት ነው።

ክርክሩ ሁለት ስብሰባ ፈጀ። በመጨረሻ ትንሿ ቱባ እንድትጠገን ተወሰነ። ሰብሳቢው እስካሁን ሙሉ በሙሉ አላመኑኝም፤ ባገኙኝ ቁጥር «ያንን ትልቁን ሌላ ባንድ ወሰደው አሉ» እያሉ ይነግሩኛል። መልካም ነው፤ አዳራሽና ሁለት ነፊ ያለው ወስዶት ከሆነ ደስ ይለኛል።

የካቲት 23 ቀን ልጆቹ ለዐድዋ በዓል ሲወጡ መንገድ ዳር ቆሜ ነበር። ሕዝቡ ብዙ ስለነበረ ባንዱን ለማየት አልቻልኩም፤ የታየኝ የባንዲራ ጫፍና አንድ ሁለት ትሮምቦን ብቻ ነው። ልጅቷንም አላየኋት። እግር ሲያርፍ አብሮ የሚያርፍ አጭር፣ ጥርት ያለ ባስ ግን ከወዲያ ማዶ ይመጣ ነበር። ዳገቱን ሲጀምሩ አልዘገየም፤ ዳገቱን ሲጨርሱም አልተቆረጠም። አጠገቤ የነበሩ ሰዎች ስለ ትራምፔቶቹ ያወሩ ነበር፤ ዛሬስ እንዴት አምሮባቸዋል ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ትራምፔቶቹ ያን ቀን አልጮኹም፤ መጮህ አላስፈለጋቸውም።